የሰባተኛውና የአሥራ ሁለተኛው ሳጥን

ከአምስት ቀን ዕረፍት የተመለሰ ሰው ፊቱ ፈካ ይላል፤ የእሷ ግን እንደሄደ ነው የተመለሰው። የአይጦቹ ክፍል መግቢያ ላይ ጫማዋን አውልቃ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አደረገች፣ የወረቀት ጋዋን ለበሰች፣ ፀጉሯን ቆቡ ውስጥ ሸጎጠች፣ ጓንት አጠለቀች። እጆቿ ይህን ሁሉ ያለ እሷ ስለሚያውቁት በዚያች ሰዓት ሌላ ነገር ማሰብ ትችል ነበር። የምታስበው ግን አልመጣላትም። ደክሟት ነበር፤ አምስት ቀን ሙሉ በእናቷ ቤት ተኝታ እንኳ ያልለቀቃት ድካም ነበር።

እናቷ ለጎረቤቷ፣ "ይቺ ልጅ የመጣችው ትራሴን ናፍቃ ነው እንጂ እኔንስ አይደለም" ብላለች። አልዋሸችም። ልጅቱ እናቷ ዘንድ ስትሄድ ከሁለት ዓመት ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ምሳ ሲቀርብ ትነሳለች፣ በልታ እጇን ታጥባ ወደ አልጋዋ ትመለሳለች።

የአይጦቹን ክፍል የሚጠብቁት ሰው በሁሉም አፍ ጋሼ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት አይጥ ሲያበሉ፣ ሲያጠጡ፣ ሳጥን ሲያጥቡ ኖረዋል። የሚመረቀውም የሚያቋርጠውም ተማሪ በእጃቸው አልፏል። እሷን ገና ከመጀመሪያው ቀን "ዶክተሬ" ነው የሚሏት። መጀመሪያ መጀመሪያ፣ "ገና ነኝ እኮ ጋሼ" እያለች ታርማቸው ነበር፤ አራተኛው ዓመት ላይ ማረሙም ሰለቻት።

"ዶክተሬ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እናት ደህና ናቸው?"

"ደህና ናት። እርስዎስ?"

"እኔማ ምን እሆናለሁ። ልጆቹም ደህና ናቸው።"

ልጆቹ የሚሉት አይጦቹን ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት የመጣችው ሁለት አይጦችን መርፌ ልትወጋ ነበር። ሁለት ብቻ። የአራት ዓመት ሥራዋ ተሰብስቦ እነዚህ ሁለቱ ላይ ቆሟል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሥራዋ ምን እንደሆነ ለእናቷ ያስረዳችው በዚሁ ዕረፍት ምሳ ላይ ነበር። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ የመላ አካሉ ጂን አለ፣ የዓይኑም የጉበቱም። የጉበት ሴል የዓይኑን ጂን ከፍቶ ልሥራ ቢል ነገር ይበላሻል። ስለዚህ የማያስፈልገውን ጂን እየዞሩ የሚቆልፉ ፕሮቲኖች አሉ። እሷ አራት ዓመት የኖረችው ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ነው፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ቆላፊው ይሉታል። የካንሰር ሴል ይህን ቆላፊ ለራሱ ጉዳይ ያሠራዋል። "እዚህ ጋ በሽታ አለ" የሚለውን ምልክት በሴሉ ገላ ላይ የሚያወጣውን ጂን ያስቆልፈዋል። ምልክቱ ከሌለ ደግሞ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች በአጠገቡ ዝም ብለው ያልፋሉ።

እናቷ ሳህኑን ወደ እሷ እየገፋች፣ "ታዲያ ይሄን ቆላፊ ለምን አታስወጡትም?" አለቻት።

የሚያስወጣ መድኃኒት መኖሩን ነገረቻት። ችግሩ ቆላፊው ተከላካዮቹም ውስጥ መኖሩ ነው። እዚያ ሲሆን ሥራው ሌላ ነው፤ መዘጋት ያለበትን እየዘጋላቸው፣ አንዴ የታገሉትን በሽታ ከዓመት በኋላም እንዲያስታውሱት፣ አለጊዜያቸው እንዳይዝሉ የሚያደርጋቸው እሱ ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱ ደግሞ ሁለቱን ቤት አይለይም፤ ከሁለቱም ያስወጣዋል።

"አንቺም አለጊዜሽ የዛልሽው የሚዘጋልሽ አጥተሽ ነው በይኛ" አለች እናቷ። "በይ፣ ብዪ አሁን።"

ልጅቱ ልታጣራ የፈለገችው ይህንኑ ነው። ለአንደኛው ቡድን አይጦች የሰጠቻቸው ቆላፊው አስቀድሞ ተቆርጦ የወጣለት የካንሰር ሴል ነው፤ ከዕጢው ብቻ ጠፋ፣ ከተከላካዮቹ አልተነካም ማለት ነው። ለሁለተኛው ቡድን ያልተነካ የካንሰር ሴልና መድኃኒቱን ሰጠች፤ ከሁሉም ቦታ ጠፋ። ከሁለቱም ወገን አብዛኞቹ አይጦች ሞቱ፣ የጥቂቶቹ ዕጢ ግን ሟሟ። ዕጢው በጠፋ በስልሳኛው ቀን እነዚያ የተረፉት በሌላ ጎናቸው ያው ካንሰር፣ ያልተነካው ዓይነት፣ እንደገና ይወጋሉ። ገላቸው ካስታወሰው ወዲያው ያባርረዋል። ከረሳው ዕጢው ያድጋል።

ከአንደኛው ቡድን አራት ተወግተው አራቱም አስታወሱ። ከሁለተኛው ቡድን አራት ተወግተው አንዷ ብቻ አስታወሰች። ቆንጆ ውጤት ነው፤ ግን ቁጥሩ ትንሽ ነው። ተሰልቶ ሲታይ ይህ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ከመቶ አሥራ አራት ነበር። ጽሑፏን ያዩት የመጽሔቱ ገምጋሚዎች ከመቶ አምስት በታች ካልወረደ አናትምም ብለዋል። ካልታተመ ደግሞ ዲግሪ የለም፤ የትምህርት ክፍሉ ደንብ ነው። ሦስት ጊዜ ያስረዘመችው ጊዜዋ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። ከየቡድኑ አንዳንድ አይጥ ቀርታለች፣ ዕጢያቸው ዘግይቶ ስለጠፋ ስልሳ ቀናቸው ገና ዛሬ የሞላ። የሰባተኛው ሳጥን ከአንደኛው ቡድን፣ የአሥራ ሁለተኛው ከሁለተኛው። ሁለቱ እንደ እህቶቻቸው ከሆኑ፣ አምስት ለአንድ ይሆናል፤ ዕድሉ ከመቶ አምስት በታች ይወርዳል። ለጥቂት፣ ግን ይወርዳል።

ወደ መደርደሪያው ሄደች። የአሥራ ሁለተኛው ሳጥን ቦታው ላይ የለም።

ሰባተኛውን ሳበችው። ሁለት ነጭ አይጦች የተቀዳደደ ወረቀት ውስጥ ተቃቅፈው ተኝተዋል። ከሳጥኑ ፊት ባለው ማህደር ሁለት ካርድ፣ የሰባትና የአሥራ ሁለት፣ አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰክቷል።

አንዷን በጅራቷ ያዘችና አነሳቻት። ቀኝ ጆሮ፣ አንዲት ቀዳዳ። ሁለተኛዋን አነሳች። ቀኝ ጆሮ፣ አንዲት ቀዳዳ።

መልሳ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ እንደገና አንድ በአንድ አነሳቻቸው፤ ቀዳዳው የሚበዛ ይመስል።

"አነጋግሬሽ የለ?" አሉ ጋሼ ከኋላዋ። የሚያጥቡትን ጡጦ እንደያዙ ቆመዋል። "የአሥራ ሁለቷ ምግብ ትታ ነበር። ጥግ ይዛ፣ ፀጉሯን አቁማ፤ ብቸኝነት ነው፣ አውቀዋለሁ። ከሰባቷ ጋር ላድርጋት ወይ ብዬ ደወልኩ፤ እሺ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳዩት አልሽኝ። ይኸው ስትቀላቀል በማግሥቱ በላች።"

ያኔ ትዝ አላት። በአራተኛው ቀን ከሰዓት፣ ትራስ ላይ፣ ስልኳ ጆሮዋ ሥር ነዝሯት ነበር። የጋሼን ድምፅ ሰምታለች። እሺ ብላለች። ከዚያ መልሳ ተኝታለች፤ ስትነሳም እንደ ሕልም ሆኖባት ማን እንደደወለ አላየችም።

"የቱ የቱ እንደሆነች ምልክት አላደረጉም?" አለች ቀስ ብላ።

"ጆሯቸው ላይ ቁጥር አለ አይደል?"

ጋሼ እውነት አላቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ የሌላው ተማሪ አይጥ ሁሉ የራሱ ቁጥር አለው፤ ከአንድ እስከ ስልሳ፣ እስከ ሰማንያ እየተከታተለ ይሄዳል። ቁጥሩ ከፍ ሲል በጆሮ ላይ የሚበሳው ቀዳዳም ይበዛል፤ ጆሯቸው እንደ ወንፊት የሆነ አይጦች አሉ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ መብሻዋን ጨብጣ ስትቆም አሳዘኗት። በየሳጥኑ ከአንድ ብጀምርስ አለች። ሳጥኑ ቁጥር አለው፣ በየሳጥኑ አምስት አምስት ናቸው፣ ከሁለት ቀዳዳ በላይ የምትበሳ አይጥ አትኖርም። ሳጥን ካልተደባለቀ ስህተት የለም። እና ማን ይደባልቃል? እንዲህ ብላ ለማንም አልነገረችም፤ ነገሩ ለመናገር የሚበቃ አልመሰላትም። አሁን ከሰባተኛው ሳጥን የተረፈችው አንደኛዋ ናት። ከአሥራ ሁለተኛው የተረፈችውም አንደኛዋ ናት።

ይህን ለጋሼ ስትነግራቸው ጡጦውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ። ቀጥለው ዝቅ ብለው ወደ ሳጥኑ አዩና፣ ሊለዩአቸው እንደሚችሉ ነገሯት። የሰባቷ የካርቶን ቱቦ ውስጥ ትተኛለች፣ የአሥራ ሁለቷ ጥግ ትወዳለች። አሁን ተቃቅፈው ስለተኙ አይታወቅም እንጂ ሲነቁ ይታያል።

"ጋሼ፣ ከተቀላቀሉ በኋላ ጠባያቸው ቢቀየርስ?"

"ሊቀየር ይችላል" አሉ። መዋሸት አይችሉበትም።

መርፌውን በዚያን ቀን አልወጋችም። ፎቅ ላይ ወጥታ የምትለይበት ሌላ መንገድ ስትፈልግ ዋለች። ዕጢ ቢኖር ኖሮ አንድ ቁራጭ ተወስዶ ቆላፊው መኖር አለመኖሩ ይታይ ነበር፤ ግን የተረፉት ዕጢያቸው የጠፋላቸው ናቸው፣ የሚቆረጥ ነገር የለም። ደማቸውን ብታየውስ? መድኃኒቱ ካበቃ ከሁለት ወር በላይ ሆኖታል፤ ተከፍቶ የነበረው ሁሉ ተመልሶ ተቆልፏል። አንዴ ያለቆላፊ መኖሩን የሚናገር ነገር ደም ውስጥ አይገኝም። ያንን የሚናገረው ሁለተኛው መርፌ ብቻ ነው።

አብሯት የሚሠራ ተማሪ አለ፣ ሁሉን ነገር ቶሎ ስለሚጨርስ ፈጣኑ ይሉታል። መጀመሪያ የነገረችው ለእሱ ነው፣ ዕቃ ማጠቢያው ጋ። ፈጣኑ ቱቦዎቹን ማጠቡን ሳያቆም መፍትሔ ሰጣት።

"ሁለቱንም ውጊያቸው። ያስታወሰችው የሰባት ናት፣ የረሳችው የአሥራ ሁለት። አለቀ።"

"የምንወጋቸው እሱን ለማወቅ አይደል?"

"ታዲያ ታወቀ።"

"አንተ ደግሞ።"

"ምን አንተ ደግሞ አለው? ስምንቱ አስቀድመው ነግረውሻል። እነዚህ ሁለቱ ለገምጋሚዎቹ ናቸው እንጂ ለአንቺ አይደሉም። ማን ያውቃል? ጋሼ? ጋሼ እንኳን እለያቸዋለሁ ብለዋል።"

ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች። አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ አለፋት። የፈጣኑ ነገር ሞኝነት ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር፤ ሞኝነት አልነበረም። እሷም የምታምነው ያንኑ ነው። ሁለት ካርድ በሁለት ሳጥን ላይ መሰካት፣ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ሁለት ወር፣ ከዚያ ዲግሪ፣ ከዚያ እንቅልፍ። የሚያስቸግራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አይጦቹን ጠይቃ እነሱ ሳይመልሱ ራሷ መመለሷ። ደረጃውን ስትወጣ እሱንም ማሰብ ደከማትና ቁልፏን ፍለጋ ቦርሳዋን በረበረች።

በማግሥቱ ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገባች። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ሴት ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ላይ የተማሪ ወረቀት እንደ ግንብ ተከምሯል። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጆሮውን፣ ስልኩን፣ ትራሱን ሳይቀር። ማን ቀላቀላቸው ሲሏት፣ "እኔ ፈቅጄ ነው" አለች፤ እውነት ስለሆነ ለማለት አልከበዳትም።

ፕሮፌሰሯ ዓይናቸውን በሁለት ጣታቸው አሹ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

"ጋሼ እለያቸዋለሁ ይላሉ" አለች።

"ይለዩአቸዋል ብዬ አምናለሁ። ግን ምን ብለሽ ልትጽፊው ነው? አይጦቹ በሚተኙበት ቦታ ተለዩ ብለሽ?" ትንሽ ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። "ደግሞም ጋሼ የምንፈልገውን ውጤት አራት ዓመት ሙሉ ሲሰሙ ኖረዋል። ይወዱሻል። የሚወድሽ ሰው እንዲቆጥርልሽ አታድርጊ።"

ከዚያ ወረቀት አወጡና እንደ ተማሪ በእርሳስ መጻፍ ጀመሩ። ሁለቱም ካስታወሱ፣ የቷ የቷ መሆኗ ለውጥ የለውም፤ ለየቡድኑ አንዳንድ ይጨመራል። ሁለቱም ከረሱም እንደዚያው። ችግር የሚመጣው ከተለያዩ ነው፣ አንዷ አስታውሳ ሌላዋ ከረሳች። እንደዚያ ከሆነ፣ አሉ ፕሮፌሰሯ፣ ለእኛ የሚከፋውን እንቆጥራለን። ያስታወሰችውን ለአሥራ ሁለተኛው፣ የረሳችውን ለሰባተኛው። "ቀኑን ጽፈሽ ፈርሚ። እኔም እፈርማለሁ። መርፌው ከመግባቱ በፊት።"

"ከተለያዩ ያልቅልኛል ማለት ነው" አለች።

"ከተለያዩ አታሳይውም። ሐሳቡ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ አንቺ አላሳየሽውም ማለት ነው።"

ደብተሩ ላይ ጻፈች፣ ፈረመች። ፕሮፌሰሯ ፈረሙ። ከሁሉ የሚያስቀው የምትመኘው ነገር መገልበጡ ነበር። ሐሳቧ ትክክል ከሆነ ሁለቱ ይለያያሉ፤ ከተለያዩ ደግሞ ትከስራለች። ቢመሳሰሉም ሁሉ ነገር አይድንም፣ ግን ቁጥሩ በሐቅ የተገኘ ይሆናል፤ ገምጋሚዎቹን በእሱ መለማመጥ ይቻላል።

ከምሳ በፊት አይጦቹ ክፍል ወረደች። ከእንግዲህ ግራ እንዳይገባት አንዷ አዲስ ምልክት ያስፈልጋታል። ዓይኗን ወደ ሌላ አድርጋ እጇን ሳጥኑ ውስጥ ከተተች፣ መጀመሪያ የደረሰችባትን ያዘች። የወረቀት መብሻ የምታህለውን መቆንጠጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጨበጠች። አይጧ አንዴ ጮኸች። ከአራት ዓመት በፊት አዝና የተወችው ቀዳዳ ይኸው ደረሰ። ከዚያ ሁለቱንም ጎናቸውን ላጨች፣ ወጋቻቸው፣ ባለ ሁለት ቀዳዳዋን እዚያው ሰባተኛው ሳጥን ትታ ሌላዋን ለብቻዋ አደረገቻት፤ ለሁለቱም የካርቶን ቱቦ አስገባችላቸው።

ጋሼ ሙሉ ጊዜውን አጠገቧ ቆመው ሲያዩ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት የታጠፈ ካርድ አወጡና ዘረጉላት።

"እኔ የሚመስለኝን ጽፌያለሁ። ማታ ሲነቁ አይቻቸዋለሁ። ቢያስፈልግሽ።"

"አይቆጠርም እኮ ጋሼ።"

"አይቆጠር። ውጤቱን ካየሁ በኋላ ነው የተናገርኩት እንዳትይኝ ነው። ስፌት አድርጌበታለሁ።"

እውነትም ካርዱን በወረቀት መስፊያ ሽቦ አራት ቦታ መትተውታል። በደብተሯ መጨረሻ ገጽ ውስጥ አስቀመጠችው።

ሦስት ሳምንት ጠበቀች። በየሁለት ቀኑ እየወረደች ጎናቸውን በብረት መለኪያዋ ትለካለች። በዚህ መሐል ሌላውን ምዕራፍ ጻፈች፣ ጥርሷን አመማት፣ እናቷ ደውላ፣ "አገኛችሁት ያን ቆላፊ?" ብላ ጠየቀቻት። መልስ እየጠበቁ መሆኑን ነገረቻት። እናቷም እሱ ምን ቸኩሎ አለችና ምን እንደበላች ወደመጠየቁ ሄደች።

ዘጠነኛው ቀን ላይ ባለ አንድ ቀዳዳዋ ጎን ሥር እንደ ምስር ፍሬ ያለች ነገር ጣቷን ነካቻት። ባለ ሁለት ቀዳዳዋ ምንም የላትም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ምስሯ ባቄላ አከለች። ባለ ሁለት ቀዳዳዋ ቆዳዋ ንጹሕ ነው፣ ፀጉሯ ተመልሶ እየበቀለ ነው። ለማንም አልተናገረችም። መለኪያዋን በአልኮል ጠርጋ ቁጥሩን ጻፈች። ምናልባት ሁለተኛዋም ትዘገይ ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ እንዲያድግባት ስትመኝ ራሷን ያዘችና አፈረች።

ሃያ አንደኛው ቀን ደረሰ። አንዷ ረስታለች፣ አንዷ አስታውሳለች። ዕጢ ያበቀለችው በደንቡ መሠረት በጋዝ እስከ ወዲያኛው እንድትተኛ ተደረገ። ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያደረጉት፤ ለሌላ ሰው አይሰጡም።

ፎቅ ላይ፣ ጠረጴዛዋ ጋ፣ ደብተሩን ገለጠች። ቁጥሩን ከመጻፏ በፊት ካርዱን አወጣች። ስፌቶቹን በጥፍሯ አንድ በአንድ ነቀለች። የጋሼ ጽሕፈት ትልልቅ ነው፣ እንደ ልጅ መስመሩን ተከትሎ የሚሄድ። "ሁለት ቀዳዳ ያለባት የሰባት ናት። ቱቦ ውስጥ ስትገባ አይቻታለሁ። የአሥራ ሁለቷ ጥግ ነች።"

ሁለት ቀዳዳ ያለባት ያስታወሰችው ናት።

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የሚሰማት ደስታ ይሁን ሐዘን አልለየችውም፤ ለመለየትም ጉልበት አልነበራትም። ልክ ነበረች ማለት ነው። ሳትሆን አትቀርም ማለት ነው። አምስት ለአንድ። ጋሼ ውጤቱን ሳያዩ ነው የጻፉት፣ በአራት ስፌት ያሸጉት። ፈጣኑ ከጎኗ አጎንብሶ አነበበና በትንሹ አፏጨ።

"ይኸው" አለ። "ይኸውልሽ።"

"ዘግይቷል" አለች።

"ምኑ ነው የዘገየው? ማስረጃ ነው።"

"ፈርሜያለሁ።"

የተፈረመበትን ገጽ ገልጣ አሳየችው። አነበበው። ወንበሩን ስቦ ወደ ራሱ ጠረጴዛ ተመለሰ።

እስክሪብቶዋን አንስታ ጻፈች። አንደኛው ቡድን፣ ከአምስት አራት። ሁለተኛው ቡድን፣ ከአምስት ሁለት። አሰላችው። በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ፣ ከመቶ ሃምሳ ሁለት። የጋሼን ካርድ ገጹ ላይ በማጣበቂያ ለጠፈችና ከሥሩ፣ "ከስሌቱ ውስጥ አልገባም" ብላ ጻፈች።

ፕሮፌሰሯ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ካርዱ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

"ሙከራውን ለመድገም ስንት ጊዜ ይፈጃል?" አሉ።

"ስምንት ወር።"

"ማራዘሚያ ለአራተኛ ጊዜ ተፈቅዶ አያውቅም።"

"አውቃለሁ።"

"እጽፍልሻለሁ። አይሆንም ሊሉ ይችላሉ።" ደብተሩን መልሰው እየሰጧት፣ "ጆሯቸውን በተከታታይ ትበሻለሽ" ብለው ጨመሩ።

"በተከታታይ" አለች።

ከሰዓት አይጦቹ ክፍል ስትወርድ ጋሼ የሳጥን ክዳን እያጠቡ ነበር። ውጤቱን ነገረቻቸው፤ ካርዱ ላይ የጻፉት ከውጤቱ ጋር መግጠሙን፣ እሷ ግን በተቃራኒው እንደጻፈችው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ እንደማይታወቅ። እጃቸውን በጋዋናቸው አደረቁ።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁብሽ" አሉ።

"እኔ እሺ ባልል አይቀላቅሏቸውም ነበር። ቀዳዳውን ባላሳንስም ችግር አይመጣም ነበር።"

"አይ ዶክተሬ።"

"ገና ነኝ እኮ ጋሼ።"

"እሱማ አውቃለሁ" አሉ።

ከኪሳቸው ሁለት እጥፍ የሆነ ወረቀት አወጡ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ጋሼ ለማንም ማመልከቻ ጽፈው አያውቁም፤ የሚፈልጉትን በቃል ይናገራሉ፣ የሚሰማ ይሰማል። ወረቀቱ አናት ላይ "አንዲት አይጥ ስለማዛወር" ይላል። ሥራዋን የጨረሰችው፣ ቀኝ ጆሮዋ ላይ ሁለት ቀዳዳ ያለባት አይጥ፣ ከሰባተኛው ሳጥን ወጥታ፣ ከሙከራ የወጡ ሦስት አሮጊት አይጦች ወዳሉበት ወደ ሠላሳ አንደኛው ሳጥን ትዛወር ዘንድ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ፣ ብቻዋን ስለሆነች። ከሥሩ የአመልካች ፊርማ አለ። ከፊርማው ጎን ባዶ መስመር አለ።

ዓይኗ ፊደሎቹ ላይ እየተንሸራተተ ቢያስቸግራትም ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የሳጥኑን ቁጥር ከካርዱ ጋር አስተያየች። አይጧን ከቱቦዋ ውስጥ አውጥታ ጆሮዋን አየች፤ ሁለት። ወረቀቱን እንደገና ከመጀመሪያው አነበበች።

ጋሼ ሳይቸኩሉ ቆመው ይጠብቃሉ።

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ተንተርሳ ፈረመች፣ ቀኑንም ጻፈች።